ከሞርሳ ሳይፈታ፦ ባለ አምስት አክሲስ ሲኤንሲ ምን ይሠራል?

በጎጃም ከተሞች ቶርኖ ቤት አይጠፋም። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም አድርጋችሁ ደብረ ማርቆስ እስክትደርሱ የወፍጮ ፑሌጂያ የሚያወጣ፣ የተበላ ክር የሚመልስ፣ የኩሽኔታ ቤት የሚያስተካክል ባለሙያ ታገኛላችሁ። እጃቸው የሚደነቅ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ ወጣት አዲስ የውኃ ፓምፕ ኢምፔለር በኮምፒውተር ነድፎ ቢወስድላቸው፣ ስዕሉን አገላብጠው ካዩ በኋላ የሚሉት የታወቀ ነው፦ «ይሄ በእኛ ማሽን አይወጣም።»

ልክ ናቸው። ለምን እንደማይወጣ፣ በምን እንደሚወጣ፣ ደግሞም ስዕሉ ትንሽ ቢስተካከል እዚያው ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ መቼ እንደሆነ አንድ በአንድ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ብዙ ጥሩ ሐሳብ በዚች አንዲት መልስ ምክንያት ወረቀት ላይ ቀርቶ ስለማይ ነገሩ ያሳስበኛል።

ምሳሌዬን ከኢምፔለር አልለይም። ኢምፔለር በፓምፑ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ክብ ክፍል ነው። ውኃውን ከመሐል ተቀብሎ ወደ ዳር የሚወረውረው እሱ ነው። የቆጋ መስኖ ውኃ ከግድቡ በቦይ ቁልቁል ይወርዳል። ከቦዩ ውጭ ያለ፣ በጣና ዳርና በግልገል ዓባይ ግራና ቀኝ የሚያርስ ገበሬ ግን ውኃ የሚያወጣው በሞተር ፓምፕ ነው።

እዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ ይመጣል። ፓምፕ ውኃን ከታች «ይስባል» እንላለን እንጂ ወደ ላይ የሚገፋው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውኃን በቀመር 10.3 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚያ ወደ 8.3 ሜትር ይወርዳል። በተግባር የሚገኘው ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ሞተሩም እንዲሁ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ለቆላ አገር ታስቦ የተሠራ ፓምፕ እኛ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ደክሞ፣ ኢምፔለሩ ግን ያንኑ ያህል ጉልበት እየጠየቀ ይሠራል። ለዚህ ከፍታ የሚስማማ ኢምፔለር ልንደፍ ያለ መሐንዲስ የሚረባ ሐሳብ ይዟል።

ሐሳቡ ትክክል መሆኑን ለማወቅ አንድ ናሙና ያስፈልገዋል። አንድ ብቻ። ሞክሮት የክንፉን ማዕዘን ይለውጥና ሌላ አንድ ያሠራል። ቀልጦ የሚፈስ ብረት ለዚህ አይመችም። መጀመሪያ የእንጨት ሞዴል ይቀረጻል፣ ከዚያ በአሸዋ ውስጥ ቅርጹ ይወጣል፣ ከዚያ ይፈሳል። ንድፉ በተለወጠ ቁጥር ሞዴሉ እንደገና ይሠራል። መቶና ሁለት መቶ ለማምረት ሲደርስ ግን ከመፍሰስ የሚሻል የለም። ስሪዲ ፕሪንተር በፕላስቲክ ቅርጹን ያሳያል፤ ልክ መግባት አለመግባቱን ለማየትም ጥሩ ነው። ሞተር ላይ ታስሮ ደለል ያለበት ውኃ ሲመታው ግን የክረምቱን ዓባይ የሚችል አይደለም። የቀረው መንገድ ድፍን አሉሚኒየም ወይም ነሐስ ይዞ፣ የማያስፈልገውን ቆርጦ ማውጣት ነው።

ሲኤንሲ ማለት መቁረጫውን በሰው እጅ ፋንታ በፕሮግራም የሚመራ ማሽን ነው። መነሻው ሩቅ አይደለም። ጆን ፓርሰንስ የሚባል አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ክንፍ ሲሠራ፣ የክንፉን ጎባጣ መስመር በእጅ መከተል ስለከበደው ነጥቦቹን በቁጥር ለማሽን መስጠት አሰበ። ሐሳቡ ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በቁጥር የሚመራ የመጀመሪያው ሚሊንግ ማሽን፣ ማለትም በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቆርጥ ማሽን፣ ለሕዝብ ታየ። ሦስት አክሲስ ነበረው። ጎባጣ ክንፍ የጀመረው ነገር መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ እኛም ያለነው ክንፍ ላይ ነው።

አክሲስ ማሽኑ የሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ ነው። ኤክስ ግራና ቀኝ ነው። ዋይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው። ዜድ ላይና ታች ነው። ባለ ሦስት አክሲስ ማሽን በእነዚህ ሦስት መስመሮች መቁረጫውን ወደፈለገው ነጥብ ያደርሳል። አንድ ነገር ግን አይችልም። መቁረጫው ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ከላይ ቆማችሁ ስታዩ የሚሰወር ገጽ ካለ፣ መቁረጫውም አይደርስበትም። የኢምፔለር ክንፍ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው። አናቱ ወደ አንድ ወገን ጋደል ብሎ ሥሩን ይሸፍናል። የተሸፈነው ገጽ ውኃው የሚሄድበት ዋናው መንገድ ስለሆነ ይቅር አይባልም።

«ታዲያ ዕቃውን ፈትቶ፣ አዙሮ እንደገና ማሰር አይቻልም?» ይቻላል። ሰው ሁሉ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ግን እዚያ ላይ ነው። ዕቃው ከሞርሳ፣ አጥብቆ ከያዘው መቆንጠጫ፣ በተፈታ ቁጥር የማሽኑ መነሻ ነጥብ፣ ባለሙያዎች ዜሮ የሚሉት፣ ይጠፋል። እንደገና መፈለግ አለበት። ሞርሳው ሥር የቀረች ቅንጣት ብረት ዕቃውን ታነሳዋለች። ጥብቅ ማሰር ደግሞ ቀጭኑን ክፍል ያጎብጠዋል፤ ሲፈታ ወደ ቦታው ይመለስና የተቆረጠው ልክ ሌላ ይሆናል። በአንድ ማሰር 0.03 ሚሊ ሜትር ስሕተት ገባ እንበል። ትንሽ ነው። አምስት ጊዜ ሲታሰር ስሕተቶቹ ወደ አንድ ወገን ከተደማመሩ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። በደቂቃ 3,000 ጊዜ ለሚዞር ክፍል ይህ መንቀጥቀጥ ነው፤ ኩሽኔታ የሚበላ መንቀጥቀጥ።

እንጨት ጠርቦ ማንኪያ የሚያወጣ ሰው አይታችሁ ከሆነ ሁለቱም እጆቹ ይሠራሉ። ቀኙ መጥረቢያውን ወይም ቢላውን ይዟል። ግራው እንጨቱን ሳይለቅ እያዞረና እያጋደለ ለስለቱ ያቀርባል። ባለ ሦስት አክሲስ ማሽን ቀኝ እጅ ብቻ አለው። ባለ አምስቱ ግራውንም ጨመረ።

የተጨመሩት ሁለቱ ዙር ናቸው። በኤክስ መስመር ዙሪያ የሚዞረው ኤ፣ በዋይ ዙሪያ የሚዞረው ቢ፣ በዜድ ዙሪያ የሚዞረው ሲ ይባላል። አንድ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ ሁለቱን ይይዛል። ሦስተኛው ዙር ለምን ቀረ ቢባል መልሱ ቀላል ነው። መቁረጫው ራሱ በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ነው። በዚያ ላይ በራሱ ዘንግ ዙሪያ ቢዞር የሚጨምረው ነገር የለም። ወደፈለጉት ነጥብ፣ ከፈለጉት አቅጣጫ ለመድረስ ሦስት መስመርና ሁለት ዙር ይበቃሉ።

ዙሩ በጠረጴዛው በኩል ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ይጋደላል፣ ይዞራል። በመቁረጫው ራስ በኩል ሊሆንም ይችላል። አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ ያደረገም አለ። ለትናንሽ ናሙናዎች የተለመደው ጠረጴዛው የሚጋደለው ዓይነት ነው። ዕቃው ከባድ ሲሆን ግን ማጋደሉ ስለሚያስቸግር ራሱ ቢዞር ይመረጣል።

ማሽን ሻጮች ደፈን አድርገው የሚያልፉት አንድ ልዩነት አለ። «አምስት አክሲስ» ሲባል ሁለት የተለያየ አሠራር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሦስት ሲደመር ሁለት ይባላል። ማሽኑ ዕቃውን ወደ አንድ ማዕዘን አጋድሎ ይቆልፈዋል። ከዚያ እንደ ተራ ባለ ሦስት አክሲስ ይቆርጣል። ይጨርስና ወደ ሌላ ማዕዘን አጋድሎ እንደገና ይቆልፋል። ሁለተኛው አምስቱም አክሲስ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበት ነው። ዕቃው እየተጋደለ፣ እየዞረ፣ መቁረጫው የክንፉን መጠምዘዝ እየተከተለ ይሄዳል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ከናሙና ክፍሎች አብዛኞቹ ሁለተኛውን አያስፈልጋቸውም። በአምስት ፊት ቀዳዳ ያለው የማርሽ ቤት፣ ጋደል ያለ መቀመጫ ያለው ቅንፍ፣ የቫልቭ አካል፣ ሁሉም በሦስት ሲደመር ሁለት ያልቃሉ። ፕሮግራሙ ይቀላል፣ ማሽኑም የተቆለፈ ስለሆነ ጠንክሮ ይቆርጣል። በአንድ ጊዜ አምስቱም መንቀሳቀስ የግድ የሚሆነው እንደ ጠመዝማዛ ክንፍ ባለ፣ ማዕዘኑ በየነጥቡ በሚለወጥ ገጽ ላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ 4 ተርባይኖች 460 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። በእነዚያ ተርባይኖች ውስጥ ያለው ክንፍ ከእኛ ኢምፔለር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። እዚያ ውኃ ክንፉን ይገፋል፣ እዚህ ክንፉ ውኃን ይገፋል።

ማጋደል ሌላም ሁለት ጥቅም አለው። እነዚህ ካልተነገሩ የአምስት አክሲስ ነገር ግማሹ ይቀራል።

የመጀመሪያው የመቁረጫው ርዝመት ነው። ጥልቅ ቦታ ከላይ ለመድረስ ረጅም መቁረጫ ያስፈልጋል። ረጅም መቁረጫ ደግሞ ይጎብጣል፣ ይጮኻል፣ ገጹን ያሻክራል። መጉበጡ የሚያድገው ከርዝመቱ ጋር እኩል እየሄደ አይደለም። ከያዣው 80 ሚሊ ሜትር የወጣ መቁረጫ፣ 40 ብቻ ከወጣው ጋር ሲነጻጸር በተመሳሳይ ግፊት 8 እጥፍ ይጎብጣል። ዕቃውን አጋድሎ መቅረብ ከተቻለ አጭሩ መቁረጫ ይበቃል። የገጹ ጥራት የሚያምረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጫፉ ድቡልቡል የሆነው መቁረጫ፣ ቦል ኖዝ የሚባለው ነው። ጎባጣ ገጽ የሚለሰልሰው በእሱ ነው። ግን የጫፉ መሐል ነጥብ ቢዞርም ባለበት ነው፤ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ቀጥ ብሎ ሲወርድ መሐሉ ብረቱን ይደፈጥጠዋል እንጂ አይቆርጠውም። ጥቂት ዲግሪ ጋደል ሲል በጎኑ ይቆርጣል። ጎኑ ደግሞ ፍጥነት አለው።

ይህ ሁሉ በነጻ አይገኝም። መስመር ላይ ያለ ስሕተት ባለበት ይቆያል፤ ማዕዘን ላይ ያለ ስሕተት ግን ከመሐሉ በራቀ ቁጥር ያድጋል። የሚዞረው ጠረጴዛ 0.01 ዲግሪ ቢስት፣ ከመዞሪያው 200 ሚሊ ሜትር በራቀ ነጥብ ላይ 0.035 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የሁለቱ ዙሮች መሐል በትክክል የት እንዳለ ማሽኑ ማወቅ አለበት። ይህ በየጊዜው በመለኪያ ኳስና ፕሮብ በሚባለው ነክቶ በሚለካ መሣሪያ ይፈተሻል። ያልተፈተሸ ባለ አምስት አክሲስ ማሽን በደንብ ከተያዘ ባለ ሦስት አክሲስ የባሰ ሥራ ሊያወጣ ይችላል።

ግጭትም አለ። ጠረጴዛው ሲጋደል የመቁረጫው ያዥ ሞርሳውን ሊመታ ይችላል። ስፒንድል፣ ማለትም መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ዘንግ፣ የተመታበት ማሽን ጥገናው ውድ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ካም በሚባለው ሶፍትዌር ተሠርቶ፣ ማሽኑ፣ ሞርሳውና ያዡ ሁሉ በኮምፒውተር ላይ ተስለው፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እዚያው ይታያል። ካሙ ያወጣውን መንገድ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረው ደግሞ ፖስት ፕሮሰሰር ይባላል። እሱ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ነው። ለአንድ ማሽን የተጻፈ ባለ አምስት አክሲስ ፕሮግራም ወስዶ በሌላ ላይ ማስኬድ አደገኛ ነው፤ ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ቢመስሉም።

የእኛ አገር ሁኔታ የሚያመጣቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንዱ መብራት ነው። ቁርጥ ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ መቁረጫው ብረቱ ውስጥ እንደተቀረቀረ ሊቆም ይችላል። ዩፒኤስ የሚባለውን፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ለኮምፒውተሩ ክፍል ማስገባት ማሽኑ ያለበትን እንዳይረሳ ይረዳል፤ ስፒንድሉን ማዞር ግን አይችልም። መብራት ሲመለስ ካቆሙበት መቀጠል አይገባም። መቁረጫው በእጅ በቀስታ ይወጣል፣ ይታያል፣ ዜሮው እንደገና ይፈተሻል። ከፍ ዝቅ ለሚል ቮልቴጅ ደግሞ ስታቢላይዘር ሳይኖር እንዲህ ያለ ማሽን መትከል ገንዘብን መጣል ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። አሉሚኒየም በ1 ዲግሪ ሙቀት በየሜትሩ 0.023 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በበጋ ጠዋትና ከሰዓት መካከል የ15 ዲግሪ ልዩነት እኛ ጋ ብርቅ አይደለም። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክፍል በዚህ ልዩነት ወደ 0.07 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ጠዋት ቆርጦ ከሰዓት የሚለካ ሰው ማሽኑን ያማል። ለኢምፔለር ክንፍ ይህ ብዙ አይጎዳም። ዘንጉ ለሚገባበት ቀዳዳ ግን ይጎዳል።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። አምስት አክሲስ ማሽን በየከተማው የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ክንፌ የግድ መጠምዘዝ አለበት ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ ከውኃው ይመጣል። ከገደል ሥር ጥቂት ውኃ ወደ ከፍታ የሚገፋ ፓምፕ ክንፉ በአንድ ወገን ብቻ የጎበጠ ቢሆን በደንብ ይሠራል። እንዲህ ያለ ክንፍ ከላይ ሲታይ ሥሩ ድረስ ግልጽ ነው። ባለ ሦስት አክሲስ ሲኤንሲ ሽፋን የሌለውን ኢምፔለር ሳይፈታ ይጨርሰዋል። ከጣና ዳር ብዙ ውኃ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ፓምፕ ግን ውኃው ወደ ዘንጉ አቅጣጫም ስለሚሄድበት ጠመዝማዛ ክንፍ ይፈልጋል። አምስት አክሲስ የሚያስፈልገው ያኛው ነው።

ሲኤንሲ ጨርሶ ከሌለስ? በእጅ በሚሠራ ሚሊንግ ላይ የሚታሰር ዲቫይዲንግ ሄድ የሚባል መሣሪያ አለ። የተለመደው ዓይነት እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ዕቃው አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። 6 ክንፍ ለማካፈል እጀታውን 6 ዙርና ሁለት ሦስተኛ ማዞር ነው። ቀጥ ያለ ክንፍ ላለው ኢምፔለር ይህ በቂ ነው። ይህ ሙያ በጎጃም እንግዳ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የብረታ ብረት ባለሙያ ሲያወጣ ኖሯል።

ስዕሉ ላይም ዋጋ የሚያስወጡ ነገሮች አሉ። መቁረጫ ክብ ስለሆነ የውስጥ ማዕዘን ሹል ሆኖ አይወጣም። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ የሚተወው ማዕዘን ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ አለው። የውስጥ ማዕዘናችሁን ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ መቁረጫው ሳይቆም ይዞራል። ጥልቀቱ ከመቁረጫው ውፍረት ከ3 ወይም ከ4 እጥፍ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጥብቅ ልክ ደግሞ በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ይጻፍ። ለምሳሌ 20 ሚሊ ሜትር የዘንግ ቀዳዳ ከ20.000 እስከ 20.021 ይሁን ማለት ተገቢ ነው። በክንፉ ጀርባ ላይ ግን 0.1 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በየቦታው 0.02 ብሎ የሚጽፍ ሰው ለማያገኘው ጥቅም ይከፍላል።

ለሠሪው ስትሄዱ ስቴፕ በሚባለው ዓይነት የተቀመጠ ባለ ሦስት ገጽታ ፋይል ያዙ። ከእሱ ጋር ቀዳዳዎቹና ጥብቅ ልኮቹ የተጻፉበት የወረቀት ስዕል ይኑር። ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ዘንጉ የሚገባው ከየት በኩል እንደሆነ፣ ክፍሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ንገሩ። መዞሩን ካወቀ ሚዛኑን የሚያስተካክልበት ትርፍ ብረት በየት በኩል እንደሚተው ያስባል።

ኢምፔለሩ ሲመጣ ፈተናው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። 200 ሊትር በርሜል በስንት ሰከንድ እንደሞላ መያዝ ነው። በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 10 ሊትር ነው። ከድሮው ኢምፔለር ጋር በዚያው ሞተር፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የሞተር ፍጥነት አስተያዩት፤ የበላውንም ነዳጅ መዝግቡ። ከዚያ ክንፉን ለውጣችሁ ሁለተኛውን ስታሠሩ ማሰሪያውና አብዛኛው ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ስላለ ዋጋው ከመጀመሪያው ዝቅ ማለት አለበት። ይህን ከሠሪው ጋር ገና የመጀመሪያውን ስታዙ ተነጋገሩበት።